ስለ ቤት ወጪ አያያዝ

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ አገር የሚገባ ዕቃ ብዙ ብር የሚጠይቅ ሆኗል። ደመወዙ የተወሰነ ቤተ ሰብ ገበያውን ለማዘዝ አይችልም፤ የቤቱን ወጪ ግን ለማዘዝ ይችላል።

መጀመሪያ የሚታሰበው እህል ነው። ጤፍና ጥራጥሬ መኸር እንደ ገባ ይረክሳል፤ በክረምት ይወደዳል። ስለዚህ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በጥርና በየካቲት በኩንታል ገዝተው ቢካፈሉ ይጠቀማሉ። ነገር ግን እህሉ በሚገባ ሳይደርቅ ከተከተተ ሻጋታና ነቀዝ ያጠፋዋልና ትርፉ ኪሳራ ይሆናል።

ሁለተኛው ማገዶ ነው። ምጣድ እስኪግል ድረስ የሚፈጀው እንጨት ወይም መብራት እንጀራ አይወጣበትም። ስለዚህ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንድ ጊዜ አብዝቶ መጋገር ይሻላል። ሽምብራና ባቄላም ሌሊቱን በውሃ ተዘፍዝፎ ቢያድር ፈጥኖ ይበስላል። በሦስት ጉልቻ ፈንታ ምርጥ ምድጃ የተባለውን የሚጠቀም ሰው እንጨቱ ይበረክትለታል።

ሦስተኛው ዱቤ ነው። በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ ለመከራከር አንደበት የለውም፤ የወሰደውንም በደብተር ካልጻፈ በወሩ መጨረሻ የሚጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል።

ይሁን እንጂ መቈጠብ ማለት መራብ አይደለም። ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር ማዕድ የተቀነሰ ሳንቲም በኋላ በሐኪም ቤት በብር ይከፈላል። ወጪ መቀነስ የሚገባው አስቀድሞ ከድግስና ከይሉኝታ ነው።