ቁጥር ለቃሚው ሬጄክስ

ከባንክ የመጣ አጭር መልእክት እንውሰድ፦ «ከሂሳብዎ 1,250.00 ብር ወጪ ሆኗል፤ ቀሪ ሂሳብዎ 8,400.75 ብር ነው።» አንድ መልእክት ብቻ ቢሆን በዓይን አይቶ መመዝገብ ይቻላል። የዓመቱን ሁሉ ሰብስቦ ወጪውን መደመር ሲመጣ ግን ፕሮግራመሮች ሥራውን ለሬጄክስ ይሰጡታል። ሙሉ ስሙ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ነው፤ የምንፈልገው ጽሑፍ ምን መልክ እንዳለው ለኮምፒውተር የምንነግርበት አጭር ቀመር።

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ይህን ይጽፋል፦

[0-9]+

ቅንፉ ከ0 እስከ 9 ያለ ማንኛውም አኃዝ ማለት ነው፤ የመደመር ምልክቱ ደግሞ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ተከታትሎ ይምጣ ይላል። ውጤቱ አያስደስትም። 1,250.00 ተበጣጥሶ 1፣ 250 እና 00 ሆኖ ይወጣል፤ ኮማና ነጥብ አኃዝ አይደሉማ! ሬጄክስ የሚያየው መልክ ብቻ ነው፤ ብር ይሁን ቀን ደንታ የለውም። ስለዚህ መልኩን አሟልተን እንንገረው፦

[0-9][0-9,]*([.][0-9]+)?

በአኃዝ ይጀምር፤ ከዚያ አኃዝ ወይም ኮማ የፈለገውን ያህል ይከተል፣ ባይከተልም ግድ የለም። ይህን የምትለው ኮከቧ ናት፤ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሬጄክስን መሠረት በጣለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በስቲቨን ክሊኒ ስም እስከ ዛሬ ትጠራለች። የጥያቄ ምልክቱ «ሳንቲም ካለ ጨምር» ይላል። አሁን ሁለቱም ገንዘቦች ሳይሰበሩ ይወጣሉ። ወጪውን ብቻ ከፈለግን ከቀመሩ መጨረሻ ክፍት ቦታ ትተን «ብር ወጪ» ብለን እንጨምራለን። «250,» ተብሎ በተጻፈ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ይህ ቀመር ኮማውንም አብሮ ያፍሳል፤ እኛን ነጠላ ሰረዛችን (፣) አድኖናል። ለማንኛውም ከመደመር በፊት ኮማዎቹን ማውጣት ግድ ነው።

የግዕዝ አኃዝ ሌላ ጣጣ አለው። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለአኃዝ ያዘጋጀው አቋራጭ ምልክት የዓረብኛንና የሂንዲን አኃዞች ሲቀበል ፩ንና ፪ን ዘሎ ያልፋል፤ ለፊደላትና ለምልክቶች የኮምፒውተር መለያ የሚሰጠው ዩኒኮድ ከአሥርዮሽ አኃዞች ተርታ አልመደባቸውምና። [፩-፼]+ ብሎ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል። ቢያዝም ፳፻፲፯ ገና 2017 አልሆነም፤ ፳ን በ፻ አባዝቶ ፲ንና ፯ን የሚደምር ሌላ ኮድ ይፈልጋል። በአማርኛ ሰነድ ላይ የምትሠሩ ሁለቱንም አኃዞች ፈልጉ፤ አለዚያ የድሮ መጻሕፍት ዓመተ ምሕረት ሁሉ ያመልጣችኋል።