ሠርጉ ትንሽ፣ የፎቶው ሒሳብ ትልቅ

እንግዳ ሲቀንስ የሠርግ ወጪም አብሮ ይቀንሳል ይባላል። ለምግብና ለመጠጥ እውነት ነው፤ ለፎቶግራፍ ግን አይሠራም። ለምን? በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በናፓ ሸለቆ የወይን እርሻዎች ያለው ገበያ መልሱን በግልጽ ያሳያል።

በቅድሚያ አቅርቦቱን እንመልከት። ናፓ ካውንቲ በ1968 እ.ኤ.አ. የእርሻ መሬቱን ከግንባታ የሚከላከል ደንብ አወጣ። በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ የወይን ጠጅ ማምረቻ በግቢው ምን መሥራት እንደሚችል የሚወስን ሌላ ደንብ አጸደቀ። በዚህም የተነሣ ከከተሞች ክልል ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ማምረቻዎች ግቢያቸውን ለሠርግ ማከራየት አይችሉም። ስጋቱ የሠርግ ኪራይ ከወይን ፍሬ የበለጠ ካስገኘ እርሻው ቀስ በቀስ አዳራሽ ይሆናል የሚል ነው። ውጤቱም የታወቀ ነው፤ ፈላጊው ብዙ፣ ፈቃድ ያለው ጥቂት፣ ዋጋውም ውድ።

ስለዚህ ብልህ ፎቶ አንሺ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት የግቢውን ፈቃድ ይጠይቃል። ሠርጉ በመጨረሻው ሰዓት ቢሰረዝ ያን ቀን ለሌላ ደንበኛ መሸጥ ያዳግታል። ያልተሸጠ ቅዳሜ እንደ እህል መጋዘን ውስጥ አይቀመጥም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ለምሳሌ ያህል አንድ ባለሙያ በዓመት 30 ቅዳሜዎችን ሸጦ 90 ሺሕ ዶላር ማግኘት አለበት እንበል። አንዱ ቅዳሜ 3 ሺሕ ዶላር ወጣለት ማለት ነው። እንግዳው 150 ይሁን 15፣ የሚሸጠው ያንኑ አንድ ቅዳሜ ነው። ቅናሽ የሚገኘው ባለሙያውም ግቢውም ሥራ በሚፈቱባቸው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት ነው። ለ15 ሰው ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ ለ150 ከመጠየቅ ይቀላል።

ሥራውም ቢሆን አይቀልም። በትንሽ ሠርግ እያንዳንዱ ፊት በደንብ መታየት አለበት፤ የካሜራው ድምፅም ጎልቶ ይሰማል። ስለዚህ ራቅ ብሎ በረጅም ሌንስ ማንሳት ይመረጣል። ለስላሳው ብርሃን የሚገኘው ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ነው። ፀሐይ በሰኔ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በጥቅምት አጋማሽ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ደግሞ የወይን ለቀማ ወቅት በመሆኑ ትራክተሩ ለሙሽራ ብሎ አይቆምም። የት እንደሚቆምና በየት እንደሚታለፍ አስቀድሞ መስማማት ይገባል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ፣ በግሉ የሚሠራ ፎቶ አንሺ መብቱን በተፈረመ ጽሑፍ ካላስተላለፈ በቀር የፎቶው ባለመብት ራሱ ነው። ሙሽሮቹ ገንዘብ ስለከፈሉ ብቻ መብቱ አይተላለፍላቸውም። የእርሻው ባለቤትም ፎቶውን ለማስታወቂያ ከፈለገ ባለሙያውንም ሙሽሮቹንም ማስፈቀድ አለበት። ለባለሙያው ይህ ሁለተኛ ገቢ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ በካሊፎርኒያ ልጅ ወይም ዘመድ የሚድሩ ወገኖች ስለ አልበሙ ውበት ከመከራከራቸው በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ፤ የግቢውን ፈቃድ፣ የሳምንቱን ቀንና የፎቶውን ባለቤት።