ሁለት ጊዜ የተገኘው መድኃኒት

በ1741 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሴንቹሪየን የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ለመዞር ከማዕበል ጋር ስትታገል፣ ከተሳፋሪዎቿ በአንዱ ላይ ለማመን የሚከብድ ነገር ደረሰ። ሰውየው አረጋዊ ወታደር ነበር። ከሃምሳ ዓመት በፊት አየርላንድ ውስጥ በቦይን ጦርነት ቆስሎ ድኗል፤ ቁስሉ ሽሮ ከተረሳም ዘመን አልፎታል። ያ የተረሳ ቁስል በዚያ ጉዞ ላይ ጨርሶ እንዳልዳነ ሁሉ ተከፈተ። ድሮ ተሰብሮ የጠገነ አጥንትም መጋጠሚያው ሟሙቶ እንደ አዲስ ተለያየ።

በመርከቧ ቄስ በሪቻርድ ዋልተር ስም የታተመው የጉዞው ታሪክ ይህን መዝግቦ አለፈ። ምክንያቱን የሚያውቅ ግን አልነበረም። በሽታው ስኩርቪ ይባላል። መጀመሪያ ሰውን ያደክመዋል፣ ያስተክዘዋል። ቀጥሎ እግሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣበታል፤ ጉልበቱ ይታሰራል፤ ድዱ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ ጥርሱ ይነቃነቃል። አንዳንዱ መርከበኛ በልቶ ጠጥቶ፣ ሲጫወት ውሎ፣ ከተኛበት ቀና ልበል ሲል በዚያው ይቀራል።

የጉዞው አለቃ ጆርጅ አንሰን በ1740 ከእንግሊዝ ሲነሳ ስድስት የጦር መርከቦችና ከ1,800 በላይ ሰዎች አስከትሎ ነበር። በ1744 ዓለምን ዞሮ በሴንቹሪየን ሲመለስ፣ መጀመሪያ አብረውት ከተነሱት መካከል መርከቧ ላይ የቀሩት ሁለት መቶ አይሞሉም። በጠላት ጥይት የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ፍንጩ ግን ከተገኘ ቆይቷል። በ1499 ቫስኮ ዳ ጋማ ከህንድ ሲመለስ መርከቦቹ ዛሬ ኬንያ ውስጥ ባለችው በማሊንዲ ቆሙ። በሽተኞቹ አጥብቀው የተመኙት ብርቱካን ነበርና አለቃው ሰው ወደ የብስ ልኮ አስመጣላቸው። ብርቱካን ብሉ ብሎ ያዘዛቸው ሐኪም አልነበረም። ከዚያ በኋላም ለሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ነገሩ አንዴ ሲነሳ አንዴ ሲረሳ ቆየ። ሐኪሞቹ እርጥብ አየሩን፣ ጨው የበዛበትን ሥጋ፣ የመርከበኛውን ስንፍና ጭምር ሲከሱ ኖሩ። አንዱን መድኃኒት ከሌላው ጎን ለጎን አቁሞ የትኛው እንደሚያድን የፈተነ ግን አልነበረም። ያን ያደረገው አንድ የ30 ዓመት የመርከብ ሐኪም ነው።

ጄምስ ሊንድ የኤደንብራ ሰው ነበር። በ1747 ሳልስበሪ በተባለች የጦር መርከብ ላይ ሲያገለግል ስኩርቪ እንደ ልማዱ ገባ። ሜይ 20 ቀን ሊንድ ሕመማቸው በተቻለ መጠን የሚመሳሰል 12 በሽተኞች መርጦ አንድ ቦታ አስተኛቸው። ምግባቸውንም አንድ አደረገው፤ ጠዋት ስኳር የገባበት አጥሚት፣ ቀን ብዙ ጊዜ የበግ ሥጋ መረቅ፣ ማታ ገብስ ወይም ሩዝ ከዘቢብ ጋር። ከዚያ ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ቦታ ከፈላቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በየቀኑ የፖም ጠጅ ጠጡ። ሁለቱ ውኃ የገባበት የሰልፈር አሲድ በጠብታ ተሰጣቸው፤ በዘመኑ ሐኪሞች ዘንድ የተከበረ መድኃኒት ነበር። ሁለቱ ኮምጣጤ ደረሳቸው። ከጉልበታቸው በስተኋላ ያለው ጅማት የደረቀባቸው ሁለት ጽኑ ሕመምተኞች የባሕር ውኃ እንዲጠጡ ተደረገ። ሁለቱ ነጭ ሽንኩርትና ሰናፍጭ የገባበት ልቁጥ ተሰጣቸው። የቀሩት ሁለቱ በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ አገኙ፤ በባዶ ሆዳቸው እየተስገበገቡ በሉት።

በስድስተኛው ቀን ፍሬው አለቀ። ለዚህ ሊውል የሚችለው ያ ብቻ ነበርና ሙከራው ገና በጅምሩ የተቋረጠ መሰለ። ሊንድ ግን ብርቱካን የበሉትን ሁለቱን ቀርቦ ሲመረምር አንደኛው ለሥራ ደርሷል። ነጠብጣቡ ከገላው ጨርሶ አልጠፋም፣ ድዱም ገና አልሻረም፤ ጉልበቱ ግን ተመልሷል። ሁለተኛው ደግሞ በጣም ስላገገመ ሌሎቹን በሽተኞች እንዲያስታምም ተመደበ። የፖም ጠጅ የጠጡት በመጠኑ ቀለላቸው። የሌሎቹ ሁኔታ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ ሊንድ ራሱ ያየውን በሙሉ ልቡ ቢያምን ኖሮ ያልቅም ነበር። በ1753 ስለ ስኩርቪ ከ400 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አሳተመ። የዚያ ሙከራ ወሬ መጽሐፉ ውስጥ በጥቂት አንቀጾች ታጭቆ አለፈ። ሊንድ የበሽታው ምንጭ ላብ እንዳይወጣ የሚያግድ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ነው ብሎ ያምን ነበርና፣ ብርቱካንና ሎሚን ከብዙ መፍትሔዎች እንደ አንዱ ቆጠራቸው። በዚያ ላይ ፍሬ በረጅም ጉዞ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጭማቂውን በጋለ ውኃ ላይ ለሰዓታት እያተነነ እስኪወፍር ማቆየትን መከረ። ጠርሙስ ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጥ፣ ለመያዝ የሚመች ነገር ሆነለት። ያ ሙቀት ከጭማቂው ውስጥ ምን እንዳጠፋ ግን አልፈተነም። መርከቦች ይህን የወፈረ ጭማቂ ሞከሩት፤ አልሠራም። ስለዚህ ሎሚ አያድንም ተባለ።

ሊንድ ከሞከረ ከ47 ዓመት በኋላ በ1794 ሰፎክ የተባለች የጦር መርከብ ወደ ህንድ ተነሳች። በዚህ ጊዜ ጭማቂው አልፈላም፤ በየዕለቱ ለእያንዳንዱ መርከበኛ ከመጠጡ ጋር ይቀላቀል ነበር። መርከቧ የብስ ሳትነካ 23 ሳምንት ተጓዘች። ብቅ ያለው ጥቂት ሕመምም ጭማቂው ሲጨመር ጠፋ። ሰፎክ ገና ባሕር ላይ ሳለች፣ በጁላይ ወር፣ ሊንድ አረፈ። በቀጣዩ ዓመት፣ ጊልበርት ብሌን የተባለ ተሰሚ ሐኪም ባደረገው ግፊት፣ የባሕር ኃይሉ የሎሚ ጭማቂ እንዲታደል ፈቀደ። ሊንድ ለዓመታት ያገለገለበት የሃስላር ሆስፒታል በ1780 ከ1,400 በላይ የስኩርቪ በሽተኞችን ተቀብሎ ነበር። በ1806 የተቀበላቸው ሁለት ነበሩ።

ድሉ ግን በአንድ ትንሽ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሎሚው ለምን እንደሚያድን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

መርከበኞቹን ያዳነው ከሜዲትራኒያን አገሮች የሚመጣው ትልቁ ቢጫ ሎሚ ነው። በ1860ዎቹ የባሕር ኃይሉ ፊቱን ወደ ራሱ ቅኝ ግዛቶች፣ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች አዞረና በእኛ ገበያ እንደሚሸጠው ያለውን ትንሹን አረንጓዴ ሎሚ ይገዛ ጀመር። የሚያድነው ኮምጣጣነቱ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ይበልጥ የሚኮመጥጠው ትንሹ ሎሚ ይሻላል እንጂ ያንሳል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። በመዝገብ ላይ የሁለቱም ጭማቂ የሚጠራው በአንድ ስም ነበር። ልዩነቱን የሚያጋልጥ ረጅም ጉዞም አልነበረም፤ የእንፋሎት መርከቦች ከወደብ ወደብ በቶሎ ያደርሱ ነበርና ሰው ሳይታመም ትኩስ ምግብ ያገኛል።

በ1875 በባሕር ኃይሉ መኮንን በጆርጅ ኔርስ የሚመራ ጉዞ ወደ ሰሜን ዋልታ ተነሳ። መርከቦቹ ላይ የሎሚ ጭማቂው በየዕለቱ ይታደል ነበር። ክረምቱ አልፎ ሰዎቹ በረዶው ላይ ጋሪ እየጎተቱ ሲወጡ ግን አንድ በአንድ ይወድቁ ጀመር። ያ የተረሳው ጥቁር ነጠብጣብ፣ ያ የታሰረው ጉልበት ተመልሶ መጣ።

ድንጋጤው ሐኪሞችን ወደ ሌላ መንገድ ወሰዳቸው። ሎሚው ካልሠራ ምክንያቱ ሌላ መሆን አለበት ብለው በደንብ ያልታሸገ የቆርቆሮ ሥጋ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። ከእነዚህ አንዱ ሬጂናልድ ኮትሊትዝ ነበር። በ1890ዎቹ መጨረሻ ከእንግሊዛዊው ተጓዥ ከዌልድ ብለንደል ጋር ኢትዮጵያ ድረስ መጥቷል፤ በኋላም የእንግሊዛዊው አሳሽ የስኮት የደቡብ ዋልታ ጉዞ ሐኪም ሆኗል። ኮትሊትዝ ስኩርቪን ይከላከላሉ የሚባሉ ምግቦች ሁሉ ከንቱ እምነት ናቸው ብሎ ጽፏል። በ1902 የስኮት ሰዎች በረዶው ውስጥ ሳሉ ስኩርቪ ገባባቸው። ያዳናቸው ትኩስ የአቆስጣ ሥጋ ነበር። ሊንድ በስድስት ቀን ያየው እውነት ከ155 ዓመት በኋላ፣ በተማሩ ሰዎች መካከል፣ ጠፍቶ ነበር።

ሁለተኛው ግኝት የመጣው ስኩርቪን ከማይፈልጉ ሰዎች ነው።

አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ ኖርዌይ ውስጥ፣ ያኔ ክርስቲያኒያ በምትባለው ዋና ከተማ፣ ሌላ የመርከበኞች በሽታ ያጠኑ ነበር። እርግቦችን እህል ብቻ እየመገቡ ቆዩ። ከዚያ አጥቢ እንስሳ ይሻላል ብለው ጊኒ ፒግ የተባለችውን ጅራት አልባ ትንሽ እንስሳ ያዙ። ለእሷም እህልና ዳቦ ብቻ ሰጧት። የጠበቁት በሽታ አልመጣም። ድዷ ደማ፤ ጥርሷ ተነቃነቀ፤ አጥንቷ ተሰባሪ ሆነ። የታመመችው በስኩርቪ ነበር። ጎመንና የሎሚ ጭማቂ ሲሰጡ ሕመሙ ቀረ። ይህ በ1907 ታተመ።

ዕድል የሚባል ነገር ካለ ይህ ነው። አይጥ፣ ውሻ፣ ድመት፣ አብዛኛው እንስሳ ከስኩርቪ የሚያድነውን ነገር በሰውነቱ ውስጥ ራሱ ይሠራል፤ ዕድሜውን ሙሉ ፍሬ ባይቀምስ በስኩርቪ አይታመምም። ይህን ችሎታ ካጡት ጥቂቶች ሰው፣ ዝንጀሮና ጊኒ ፒግ ይገኙበታል። ሁለቱ ሰዎች አይጥ ይዘው ቢሆን ኖሮ ምንም ባላዩ ነበር።

አሁን የሚለካበት ነገር ተገኘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ለንደን በሚገኘው የሊስተር ተቋም፣ ሃሪየት ቺክና ጓደኞቿ የሁለቱን ሎሚዎች ጭማቂ ጎን ለጎን ፈተኑ። የትንሹ ሎሚ ትኩስ ጭማቂ ኃይል የትልቁን ሩብ ያህል ብቻ ነበር፤ ተጠብቆ የቆየው ጭማቂማ ጨርሶ የሚረባ አልነበረም። አሊስ ሄንደርሰን ስሚዝ ደግሞ የባሕር ኃይሉን አሮጌ መዝገቦች አገላብጣ ሎሚው መቼ እንደተለወጠ ደረሰችበት። የኔርስ ሰዎች ለምን እንደወደቁ ያኔ ታወቀ።

ሎሚው ውስጥ ያለው ነገር ግን ምንድን ነው? በ1920 ቫይታሚን ሲ የሚል ስም ወጣለት፤ ዓይቶት የሚያውቅ ግን አልነበረም።

የሃንጋሪው ተወላጅ አልበርት ሴንት ጆርጂ በ1928 ካምብሪጅ ውስጥ ከከብት አድሬናል እጢ፣ ከብርቱካንና ከጥቅል ጎመን አንድ ነጭ ነገር አወጣ። የፈለገው ሕያው ነገር ከኦክስጅን ጋር የሚያደርገውን መስተጋብር መረዳት ነበር፤ ስለ ቫይታሚን ግድ አልነበረውም። አሜሪካ ሄዶ ከሚኒሶታ ቄራዎች እጢ እያስመጣ ሲያጣራ ከብዙ ድካም በኋላ ያገኘው 25 ግራም ያህል ነው። በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ሴጌድ ከተማ ሲያስተምር፣ ጆሴፍ ስቪርቤሊ የተባለ ወጣት ኬሚስት ከአሜሪካ መጣና ጊኒ ፒግ ላይ ቫይታሚን ሲን መፈተን እንደሚችል ነገረው። ሴንት ጆርጂ ከነጩ ዱቄት የተረፈችውን ሰጠው። ለሁለት ወር ያህል ጠበቁ። ዱቄቱን ያገኙት እንስሳት ጤነኛ ሆነው ቆዩ፤ ያላገኙት በስኩርቪ አለቁ። በ1932 ፒትስበርግ የነበረው ቻርልስ ግሌን ኪንግም እዚያው ላይ መድረሱን አሳተመ።

ደስታው ግን አጭር ነበር፤ ዱቄቱ አለቀ። ውስጣዊ ቅርጹን ለማወቅ ብዙ ያስፈልጋል፤ ብርቱካን ውስጥ ያለው ስኳር ደግሞ ማጣራቱን አስቸጋሪ ያደርገዋል። አንድ ምሽት ሚስቱ ለእራት ትኩስ ቀይ ቃሪያ አቀረበችለት። ሴጌድ የታወቀችው በቃሪያዋ ነው፤ ሴንት ጆርጂ ግን በዚያ ምሽት አላሰኘውም። ቃሪያን መርምሮት እንደማያውቅ ትዝ ሲለው ሳይበላው ይዞት ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። እኩለ ሌሊት ገደማ ያን ሁሉ ዓመት ሲፈልገው የኖረው ነገር በሽ በሽ ሆኖ እጁ ገባ። በሳምንታት ውስጥ በኪሎ የሚመዘን ቫይታሚን ሲ ነበረው። እንግሊዛዊው ኖርማን ሃዎርዝ ቅርጹን አወቀ። በ1937 ሁለቱም፣ አንዱ በሕክምና፣ ሌላው በኬሚስትሪ፣ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

የሴንቹሪየኑ ሽማግሌ ቁስልም መልስ አገኘ። ጭድ የጭቃውን ግድግዳ አጣብቆ እንደሚይዘው፣ ሥጋና አጥንትን አጣብቆ የሚይዝ ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ያለ ቫይታሚን ሲ በወጉ አይሠራም። ጠባሳ ደግሞ አንዴ ተሠርቶ የሚቀር አይደለም። ሰውነት ዕድሜ ልኩን እያፈረሰ ያድሰዋል፤ ማደሱ ሲቋረጥ ማፍረሱ ብቻ ይቀጥላል። ከ1944 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ሸፊልድ ከተማ፣ ለሕሊናቸው ሲሉ ውትድርናን እምቢ ያሉ 20 ፈቃደኞች ለዚህ ጥናት ገላቸውን ሰጡ። ጭናቸው ሆን ተብሎ ተቆረጠ፤ ቫይታሚኑ የተከለከሉት ሰዎች ጠባሳ እንደገና ቀላ፣ ደም ቋጠረ። በቀን 10 ሚሊግራም የወሰዱት ግን ደህና ነበሩ። አንድ መካከለኛ ብርቱካን ከዚያ አምስት እጥፍ በላይ ይዟል።

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላም፣ በ1980ዎቹ ሶማሊያና ሱዳን መጠለያ ጣቢያዎች ውስጥ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ጉልበታቸው ይታሰር፣ ድዳቸው ይደማ ጀመር። የሚታደላቸው በዋናነት እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነበር። በ1989 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት በሽታውን በስሙ ጠራው፤ ሰው ጣቢያው ውስጥ በቆየ ቁጥር የመያዝ ዕድሉ እንደሚጨምርም አሳየ።