ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት

በዲጂታል ካሜራ ሠርግና ክርስትና ሳነሳ የኖርኩት አንድ ነገር እየፈራሁ ነው፦ ነጩ እንዳይቃጠል። ብርሃኑ ከሴንሰሩ አቅም ካለፈ የነጠላው ሽመና ይጠፋል፤ በኮምፒውተርም አይመለስም። ስለዚህ ብርሃኑን ቀነስ አድርጌ አነሳና የጠቆረውን ፊት በኋላ አፈካዋለሁ። ፊልም ስጀምር ልፈትሸው የፈለግኩት ይህንኑ ልማዴን ነው።

ካሜራዬ ያገለገለ ፔንታክስ ኬ1000 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1997 የተመረተ፣ ባትሪ የሚያሻው ለብርሃን መለኪያው ብቻ የሆነ። ፊልሙ ባለ 36 ኢልፎርድ ኤችፒ5፣ ጥቁርና ነጭ። ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ የሚገባ ፊልም በዘፈቀደ አይባክንም።

ጎረቤታችንን እማማን ነጠላ እንዳጣፉ ደጃቸው ላይ ከጥላው አስቀመጥኳቸው። የካሜራው መለኪያ ፊት የቱ፣ ልብስ የቱ እንደሆነ አይለይም፤ የሚያየውን ሁሉ ደምሮ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ነጠላው ሰፊውን ቦታ ሲይዝ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያስቀንሳል፤ ጦሱ የሚያርፈው ጠይሙ ፊት ላይ ነው። መጀመሪያ መለኪያው እንዳለው አነሳሁ። ቀጥሎ የዚያን እጥፍ፣ ከዚያ አራት እጥፍ ብርሃን ሰጠሁ። እማማ፣ «ልጄ፣ ያው እኔው ነኝ፤ ስንቴ ታነሳኛለህ?» አሉኝ።

ፊልሙን ቤት ውስጥ አጠብኩት፦ ዲ76 የተባለውን ማጠቢያ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅዬ፣ በ20 ዲግሪ፣ 11 ደቂቃ፤ በየደቂቃው መጀመሪያ ለ10 ሴኮንድ የማጠቢያውን ታንክ እየገለባበጥኩ። የአዲስ አበባ የጠዋት ውሃ ቀዝቃዛ ነውና ጠርሙሶቹን ለብ ያለ ሳፋ ውስጥ ማቆየት ያስፈልጋል። ከዚያ ፊክሰሩ ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው ጠራርጎ ያወጣል። ብርሃን ያልደረሰው ቦታ ባዶ ላስቲክ ሆኖ ይቀራል፤ ከባዶ ላስቲክ ደግሞ ምንም ጥበብ ፊት አያወጣም።

በመጀመሪያው ኔጋቲቭ ላይ የነጠላው ጥለት ክር በክር ይቆጠራል፤ የእማማ ግንባር ግን ባዶ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። አራት እጥፍ ያገኘው ላይ የግንባራቸው የመስቀል ንቅሳት ሳይቀር ቁልጭ ብሏል። ነጠላውስ? ጠቁሮ ከብዷል እንጂ ጥለቱ ውስጡ አለ፤ ሲታተም ለዚያ ቦታ ብቻ ብርሃን ጨምሮ ማውጣት ይቻላል። ዲጂታሉ ካስለመደኝ ተቃራኒ ነው።

አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ ያደራጁት ዘዴም ይህንኑ ይላል፦ ብርሃኑን ለጥላው መጥነህ ስጥ፣ ነጩን በእጥበቱ ጊዜ ግዛው። ነገር ግን በዚያ ዘዴ መጻሕፍት የተለመደው የፊት ምሳሌ የነጭ ሰው ቆዳ ነው፤ ከመካከለኛው ግራጫ በአንድ ደረጃ የሚፈካ። የእኛን ፊት ልኬት እኛው በፊልም ላይ ፈትነን ልናገኘው ይገባል። ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱት የቦያጂያን ቤተሰብ ሰዎች ይህን ሳይፈቱ ሸማ የለበሰ ሰው ማንሳት እንዴት ይሆንላቸው ነበር? ስክሪን አይተው የሚያርሙት ነገር አልነበራቸውም።

አሁን ሠርግ ላይም ብርሃኑን የምለካው ከፊት ነው፤ ከጀርባ ያለው መስኮት ቢነጣ ይንጣ። በሚቀጥለው ጥቅል ያንኑ አራት እጥፍ ብርሃን ሰጥቼ እጥበቱን ከ11 ወደ 9 ደቂቃ አወርደዋለሁ፤ ነጠላው ሲታተም ምን ያህል እንደሚቀል የማየው ያኔ ነው።