ኩላሊት መታመሙ በምን ይታወቃል?

ወገቡን ያመመው ሁሉ «ኩላሊቴ ነው» ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሕመሙ የጡንቻ ወይም የአከርካሪ ነው። ጠጠርና ኢንፌክሽን በእርግጥ ያሠቃያሉ። ሥር የሰደደው የኩላሊት በሽታ ግን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሄደው፤ ማቅለሽለሹ፣ ማሳከኩና ድካሙ የሚመጡት ባመዛኙ ዘግይተው ነው። የእግር እብጠትና አረፋው ቶሎ የማይጠፋ ሽንት ቀደም ብለው ሊታዩ ይችላሉ፤ ልብ የሚላቸው ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ በሽታውን የሚያጋልጠው ምርመራ ነው፤ ሽንትን መመርመር ደግሞ የቆየ ጥበብ ነው። የለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ሐኪም ሪቻርድ ብራይት ሰውነታቸው ያበጠ ሕሙማንን ሽንት በማንኪያ ይዞ በሻማ ሲያሞቀው ፕሮቲኑ እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋ ነበር። ሲሞቱ ኩላሊታቸውን መርምሮ ጉዳቱን አየ፤ ግኝቱንም በ1827 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዛሬ ላቦራቶሪ በሽንት ውስጥ ያለውን አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ክሬአቲኒን ከተባለው የሰውነት ቆሻሻ ጋር ያነጻጽራል፤ ለ1 ግራም ክሬአቲኒን 30 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ አልቡሚን ከተገኘ ያሳስባል። ርካሽና ጠቃሚ ሆኖ ሳለ የሚዘነጋው ይኸው የሽንት ምርመራ ነው።

የደሙ ክሬአቲኒን ብቻውን ያታልላል፤ ምንጩ ጡንቻ ነውና። ስለዚህ ኩላሊት በደቂቃ ስንት ሚሊሊትር እንደሚያጣራ ከክሬአቲኒኑ፣ ከዕድሜና ከፆታ በቀመር ይገመታል። ውጤቱ 1.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ቢሆን፣ የ25 ዓመት ወንድ የማጣራት አቅም በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ቀመር 86 ገደማ ሲሆን የ75 ዓመት ሴት ግን 47 ገደማ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ቀመር ለጥቁር ሰው ውጤቱን 16 በመቶ ያህል ከፍ ያደርግ ነበር፤ አሜሪካ ያለ ኢትዮጵያዊም በዚያ ስሌት ከተለካ ኩላሊቱ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችል ነበር። አዲሱ ቀመር ዘርን አውጥቶታል።

አንድ ውጤት ግን ፍርድ አይደለም። በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበት ወይም ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሲወስድ የሰነበተ ሰው አቅሙ በድንገት ሊወርድና ሊያገግም ይችላል። ሥር ሰደደ የሚባለው አቅሙ ከ60 በታች ሆኖ ወይም ሌላ የጉዳት ምልክት ታይቶ ከ3 ወር በላይ ሲቆይ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው የሽንቱንም የደሙንም ምርመራ ቢያንስ በዓመት አንዴ ማድረግ አለባቸው፤ የግፊት ኪኒን እየወሰዱ ሽንታቸው ተመርምሮ የማያውቅ ሰዎች ግን ሞልተዋል።

አልትራሳውንድ የሽንት መውረጃ መዘጋትንና ጠጠርን ያሳያል፤ ተኮማትሮ ያነሰ ኩላሊትም በሽታው የቆየ መሆኑን ይጠቁማል። የበሽታው ምክንያት ካልተለየ ከኩላሊቱ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ለዓመታት ስኳር ያለበት፣ የዓይኑ ደም ሥሮችም የተጎዱበት ሰው ሽንቱ ላይ አልቡሚን ቢገኝ ግን ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ስኳሩ ነው ብሎ መርፌውን ይተወዋል።