በጥርስ የሚመካኘው ቫይረስ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

ካርቱም ውስጥ ስድስት ወር ያለፈው ሕፃን ትውከትና ተቅማጥ ሲይዘው ብዙ አያቶች መጀመሪያ የሚያዩት ድዱን ነው። ድዱ አበጥ ካለ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው፤ ጥርስ። ያበጠውን ድድ በሰላ ነገር ሰንጥቆ ገና ያልወጣውን የጥርስ እንቡጥ ማውጣት በሱዳን «ሃይፋት» ከሚባለው እምነት ጋር የተያያዘ የቆየ ልማድ ነው። የወተት ጥርስ ማስነቀልንና እንጥል ማስቆረጥን ለሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በካርቱም ዴምና ጅሬፍ ሰፈሮች ለዓመታት የኖሩ ሐበሾችም ከጎረቤቶቻቸው ጋር በዚህ ጉዳይ የሚግባቡት ያለ ብዙ ማስረዳት ነው።

ሰውን የሚያሳስተው የዕድሜው መገጣጠም ነው። ጥርስ ማብቀል የሚጀምረው ሕፃኑ መዳህ በሚለማመድበት፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ በሚከትበትና ከእናቱ የወረሰው መከላከያ በሚሳሳበት ጊዜ ነው። በዚያው ወቅት ሮታቫይረስ ይመጣል።

ቫይረሱ የታወቀው 1973 ሜልበርን ውስጥ ነው። ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ በከባድ ተቅማጥ ከታመሙ ሕፃናት አንጀት የተቆረጠ ቅንጣት ሥጋ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ከዚያ በፊት በሰው ላይ ያልታየ ቫይረስ አገኙ። ሌሎች ተመራማሪዎች በኋላ ስም ሲያወጡለት ቅርጹን ተከተሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባለ ዘንግ የጋሪ ጎማ ይመስላል። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ ምክንያቱ ሳይታወቅ ነበር የሚታከመው። ከጊዜ ጋር ኖሮቫይረስ፣ አስትሮቫይረስና የአንጀት አዴኖቫይረሶችም ተለይተዋል፤ ሕፃናትን ወደ ሆስፒታል በማስገባት ግን ክትባቱ እስኪመጣ ድረስ ሮታን የሚስተካከል አልነበረም። በሱዳን ሆስፒታሎች ከ2009 ጀምሮ በተደረገ ክትትል፣ በተቅማጥ ከተኙት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት መካከል ከሦስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ሮታ ተገኝቶባቸዋል።

ከተያዘ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ሕፃኑን ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ከዚያ ውሃ የሆነ ተቅማጥ ይከተላል፤ ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል። ቫይረሱ የሚያጠቃው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያሉትን፣ ከምግብ ውሃና ጨው የሚመጥጡትን ሴሎች ነው። ከዚህም በላይ አንጀቱ ራሱ ውሃ እንዲያፈስ የሚያደርግ መርዛማ ፕሮቲን ይሠራል። የካርቱም ሙቀት በበጋው መጨረሻ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አስቡት፤ ውሃ ከሕፃኑ የሚወጣው በአንጀትም በቆዳም ነው።

ለመተላለፍ ደግሞ ጥቂት ይበቃዋል። ከመቶ ያነሱ ቅንጣቶች አንድ ሕፃን ሊያሳምሙ ይችላሉ፤ በታመመ ልጅ አንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ያለው ግን በቢሊዮኖች የሚቆጠር ነው። በካርቱም ደጃፎች ጥላ ሥር ለመንገደኛ የሚቀመጠው «ዚር» የተባለው የሸክላ ጋን መልካም ልማድ ነው፤ በላዩ ያለውን አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ግን የሁሉም እጅ ይነካዋል። ያም ሆኖ እናትን «ንጽሕና ጎደለሽ» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ንጹሕ ቧንቧ ባላቸው ሀብታም አገሮችም፣ ክትባት ከመምጣቱ በፊት፣ ሁሉም ሕፃን ለማለት ይቻላል አምስት ዓመት ሳይሞላው በሮታ ይያዝ ነበር። ልዩነቱ ያለው በሚሞተው ላይ ነው።

የሚገድለው ድርቀቱ ነው። ዓይን ይሰረጉዳል፣ እርግብግቢት ይጎደጉዳል፣ ልጁ ያለ እንባ ያለቅሳል፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት ቶሎ አይመለስም። አንቲባዮቲክ ለቫይረስ አይሠራም፤ ከፋርማሲ በግምት የሚገዛው ክኒን ገንዘብና ጊዜ ከመብላት ያለፈ ጥቅም የለውም። የሚሠራው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው፦ አንዱ ከረጢት፣ መጠኑ በላዩ እንደተጻፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበጠበጣል። ከታጣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለአንድ ሊትር። ስኳሩ የገባው ለጣዕም አይደለም፤ የታመመው አንጀት እንኳ ስኳርና ጨው አብረው ሲመጡለት ይቀበላቸዋል፣ ውሃውም ይከተላቸዋል። ልጁ ካስመለሰ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቆ በማንኪያ፣ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ጡት አይቋረጥም። ዚንክም ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይሰጣል።

ይህ የስኳርና የጨው ውሃ ታላቅነቱን ያሳየው በስደተኞች መካከል ነበር። 1971 ከዛሬዋ ባንግላዴሽ ሸሽተው ሕንድ በገቡት ዘንድ ኮሌራ ሲገባ፣ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የደም ሥር ፈሳሽ ስላለቀበት ቤተሰቦች ራሳቸው እንዲያጠጡ አደረገ፤ ሞት ከመቶ 30 ገደማ ወደ 4 ያህል ወረደ።

ክትባቱ ወደ አካባቢው ሲመጣ በር የከፈተችው ሱዳን ናት። ጁላይ 2011 ጋቪ በተባለው የክትባት ጥምረት ድጋፍ የሮታን ክትባት ጋቪ ከሚደግፋቸው የአፍሪካ አገሮች ቀድማ በመደበኛ ፕሮግራሟ አስገባች፤ ኢትዮጵያ በኅዳር ወር 2013 ተከተለች። መርፌ የለውም፤ በአፍ የሚንጠባጠብ ጠብታ ነው፤ በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት ይሰጣል። ፍጹም አይደለም፦ በደቡብ አፍሪካና በማላዊ የተካሄደው ሙከራ ውጤት 2010 ሲታተም፣ ከከባድ የሮታ ሕመም የተከላከለው ከመቶ 61 ያህሉን ነበር። በየዓመቱ መቶ ሺዎች በሚሞቱበት በሽታ ግን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሱዳን ጤና ባለሙያዎች ሳይዘገዩ መጀመራቸው ሊመሰገን ይገባል።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነት ፈነዳ። የሰሜን ካርቱም (የባሕሪ) የውሃ ጣቢያ ገና ከጅምሩ ሥራ አቆመ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከዓባይ በቀጥታ ውሃ ወደ መቅዳትና ከአህያ ጋሪ ወደ መግዛት ዞሩ። «ስታክ» የሚባለውን ብሔራዊ የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ ተዋጊዎች ያዙት፣ ባለሙያዎቹም ተባረሩ፤ የትኛው ሕፃን በየትኛው ቫይረስ እንደታመመ የሚለይበት ቦታ ጠፋ። ከጦርነቱ በፊት ከመቶ ሕፃናት ከ90 በላይ ይደርስ የነበረው መደበኛ ክትባት በ2024 ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ተቅማጡ ሲበዛ መከላከያው ቀነሰ፤ ከዚህ የከፋ መገጣጠም ማሰብ ያስቸግራል።

መጋቢት 2025 ሠራዊቱ ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ እየተመለሰ ነው። ሕፃናቱ አንዳንዶቹ የተወለዱት በስደት መንገድ ላይ ስለሆነ ክትባቱ አምልጧቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው የሮታ ጠብታ በወቅቱ ያልወሰደ ልጅ 24 ወር እስኪሞላው ድረስ መውሰድ ይችላል። የክትባት ካርዱ በሽሽት የጠፋበት ወላጅም ልጁን ይዞ ጤና ጣቢያ ሊሄድና ሊጠይቅ ይገባዋል።