«ፕላስቲክ ሰርጀሪ»፣ ንቅለ ተከላና የኑዌር ግንባር

የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ቀዶ ሐኪሞች ፊትን መልሶ በማበጀት ሙያ ሲሠለጥኑ፣ ከሙያው ጋር ቃላቱንም ይረከባሉ። ሕዝቡ እነዚህን ሐኪሞች «የአንገት በላይ ሐኪም» እያለ መጥራቱ ፊትን ጭምር ያቀፈ ስያሜ ሰጥቷቸዋል፤ በዚህስ የሕዝቡ ቃል ከሥርዓተ ትምህርቱ ቀድሟል።

አስቸጋሪው «ፕላስቲክ» ነው። ቃሉ መቅረጽ ከሚል የግሪክ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ሐኪም ዛይስ ለመጽሐፉ ርእስ ያደረገው በ1838 እ.ኤ.አ. ነው፤ ባክላይት የተፈለሰፈው ግን በ1907 ነው። ይሁንና አማርኛ ተናጋሪው ቃሉን የሚያውቀው ከጀሪካንና ከጫማ ነው። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ በሆነበት በጋምቤላ፣ የሐኪሙ ቃል ወደ ኑዌርኛ ወይም ወደ አኝዋክኛ በአስተርጓሚ በኩል ሲተላለፍ፣ «ፊትህ ፕላስቲክ ይደረጋል» ተብሎ የተነገረው ሰው ፈቃዱን ቢነፍግ አያስደንቅም። ስለዚህ «መልሶ ማበጀት» የሚለው ይሻላል። «ማስተካከል» ግን የተጣመመ ነገር አለ የሚል ፍርድ ያዘለ ነው።

«ንቅለ ተከላ» መልካም ስያሜ ነው፤ ቆዳው ከነበረበት ተነቅሎ በሌላ ስፍራ ይተከላልና። ሐኪሞች ፍላፕ ለሚሉት ግን አይሆንም። ፍላፕ በአንድ ወገን ሳይለቅ፣ የደም ሥሩን እንደያዘ ዞሮ ጉድለቱን የሚሸፍን አካል ነው። በሕንድ ከጥንት የታወቀውና በ1794 እ.ኤ.አ. በለንደን መጽሔት የተገለጠው አፍንጫን ከግንባር ቆዳ የመሥራት ስልት ይህንኑ ያሳያል፦ ቆዳው ከቅንድብ አጠገብ እንደተያያዘ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆይና፣ በአዲሱ ስፍራ ደም ማግኘቱ ሲረጋገጥ ማያያዣው ይቆረጣል። ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት፣ ሕመምተኛው ዳግመኛ ወደ ቀዶ ክፍል እንደሚመለስ ሳይነግሩት መቅረት ነው። «ባለሥር ልባጥ» ብንለው፣ «ሥር» የተክሉንም የደሙንም ስለሚያመለክት ትርጉሙ ይሟላል።

ግንባር ሲነሣ ደግሞ ሌላ ቃል ይመጣል። የኑዌር ወንድ ወደ ጎልማሳነት ሲሸጋገር በግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር መቀረጹ የቆየ ልማድ ነው። በኑዌርኛ ስሙ በፊደላችን «ጋር» ተብሎ ቢጻፍ ከመስተዋድዱ ስለሚምታታ፣ አናባቢውም ረጅም ስለሆነ፣ «ጋአር» ብሎ መጻፍ ይበጃል። ተርጓሚዎች «ጠባሳ» ይሉታል፤ ጠባሳ ግን የቍስል ርዝራዥ ነው። «ንቅሳት»ም አይደለም፤ ቀለም አይገባበትምና። ቃሉን እንዳለ መውሰድ ይገባል።

ይህ የመዝገበ ቃላት ጭቅጭቅ ብቻ አይደለም። ጋአር ያለበት ሰው አፍንጫው ከግንባሩ ቆዳ ቢሠራለት፣ መስመሮቹ ተቆርጠው ከፊሉ ወደ አፍንጫው ይሄዳል። በፈቃድ ቅጹ ላይ «በግንባር ያለ ጠባሳ» ተብሎ ከተጻፈ፣ የሚፈርመው ሰው ምን እንደሚነካበት አይገነዘብም፤ «ጋአር» ተብሎ ከተጻፈ ግን ስንት መስመር እንደሚቋረጥና ቆዳው ከሌላ ስፍራ ሊወሰድ ይችል እንደሆነ ራሱ ይጠይቃል።